ጋዙ ወዴት ይሄዳል? የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር በመኖሪያ ቤት

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የድግስ ድንኳን በተተከለበት ግቢ ከጠላው ጋንና ከጠጁ በርሜል አጠገብ አንድ የብረት ሲሊንደር ቆሞ ማየት እየተለመደ ነው። የድራፍት ማሽን የሚያከራየው ሰው ከቢራው በርሜል ጋር ይዞት ይመጣል። ቢራ በቤታቸው መጥመቅ የጀመሩ ሰዎችም ይገዙታል፤ ብርዝና ቀሪቦ እንደ ለስላሳ እንዲንፈቀፈቅላቸው የሚፈልጉም አሉ።

ስለዚህ ዕቃ ስጠይቅ የምሰማው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «እንደ ቡታጋዝ ነው፤ እሳት ካገኘው ይነዳል» ይለኛል። ሌላው «እሳት ማጥፊያ ውስጥ የሚገባው ጋዝ አይደለም እንዴ? ምን ያደርጋል!» ብሎ ሲሊንደሩን አልጋ ሥር ያስገባዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይነድም፤ ሰው ግን ይገድላል። የመጀመሪያው ሰው በተሳሳተ ምክንያትም ቢሆን ይጠነቀቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ ይህን የምጽፈውም ይበልጡን ለእርሱ ነው።

ይህ በየቀኑ የምናገኘው ጋዝ አይደለም እንዴ?

ነው። በተነፈስን ቁጥር ከሳንባችን ይወጣል። እርሾ ስኳርን ሲበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ የእንጀራ ዓይን የሚባለው የዚህ ጋዝ አረፋ የፈነዳበት ቦታ ነው። አምቦ ውሃ ሲከፈት «ጭስ» የሚለውም እርሱ ነው። አክስቴ የጠላ ጋን ስትከፍት ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ጎን ታዞር ነበር፤ «ያፍናል» ትለናለች። ስሙን አታውቀውም፤ ጠባዩን ግን ጠንቅቃ ታውቀዋለች።

በጋኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ልዩነት የመጠንና የፍጥነት ነው። 5 ኪሎ ማር የገባበት ጠጅ እስኪደርስ ድረስ 2 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ የሚያወጣው ግን በሳምንታት ውስጥ፣ ቀስ እያለ ነው። 5 ኪሎ የያዘ ሲሊንደር ቫልቩ ቢሰበር ከዚያ ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነውን ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሊለቅቀው ይችላል።

ከከሰል ጭስም እንለየው። በዝግ ቤት ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን የገደላቸው በዋናነት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሌላ ጋዝ ነው። እርሱ በጣም በጥቂቱም ቢሆን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ሽታም ስሜትም የለውም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመጉዳት ብዙ መሆን አለበት፣ ሲበዛም ትንፋሽን በማፋጠን ራሱን ያሳውቃል። ይህን ልዩነት ማወቅ የሚጠቅመው በተለይ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ለሚገዛ ሰው ነው፤ ለካርቦን ሞኖክሳይድ የተሠራ መሣሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይለይም። ቤቱ በዚህኛው ቢሞላ መሣሪያው ዝም ይላል።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው እንደ ጎማ አየር የታጨቀበት ይመስለዋል። ውስጡ ያለው አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብርቱ ሲጨመቅ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል፤ ከፈሳሹ በላይ ባለው ክፍት ቦታ ደግሞ ጋዙ ይቀመጣል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የዚህ ጋዝ ግፊት 57 ባር ገደማ ነው። 1 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል እንደ መጫን ነው። የመኪና ጎማ 2 ባር ገደማ አለው። በሲሊንደሩ ውስጥ ግን የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ከግማሽ ኩንታል የሚበልጥ ሸክም ያርፋል። ወድቆ ቫልቩ የተቆረጠ ሲሊንደር ግድግዳ ጥሶ የሚሄደው በዚህ ኃይል ነው።

ጋዙ ሲወጣ ከፈሳሹ ጥቂቱ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ቦታውን ይተካል። ስለዚህ ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ላይ ያለው መርፌ ሲሊንደሩ ሙሉም ይሁን ሩብ ያው ቁጥር ላይ ይቆማል፤ የሚወድቀው ፈሳሹ ተሟጥጦ ካለቀ በኋላ ነው። መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ሙቀቱ ነው። በብርዳማ የሐምሌ ጠዋት፣ 10 ዲግሪ ላይ፣ 45 ባር ገደማ ያሳያል፤ ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ይወጣል። ጠዋት መርፌው ወርዶ ያየ ሰው «ሌሊት አፍስሷል» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ እውነተኛው መለኪያ ግን ሚዛን ነው። የባዶው ሲሊንደር ክብደት ከአንገቱ ሥር ብረቱ ላይ ተመትቶ ይጻፋል። መዝኖ ያንን መቀነስ ነው፤ የቀረው ጋዙ ነው። ሳይጠቀሙበት ከሳምንት ሳምንት ክብደቱ ከቀነሰ በእርግጥ ያፈሳል።

ፈሳሽ መሆኑ ሌላም ጣጣ አለው። እስከ አፉ የተሞላ ጀበና ሲሞቅ ይገነፍላል፤ ፈሳሽ ሲሞቅ ቦታ ይፈልጋልና። ሲሊንደር ግን የሚገነፍልበት አፍ የለውም። ስለዚህ በሕጉ የሚሞላ ሰው ሲሊንደሩ በውሃ ልኬት 10 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ከ7 ኪሎ እምብዛም የማይርቅ ጋዝ ብቻ ይሞላል፤ የቀረው ቦታ ለሙቀት የተተወ ነው። «ትንሽ ጨምርልኝ» የሚባልበት ነገር አይደለም። በልኩ የተሞላውም ቢሆን ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ከተተወ ከ31 ዲግሪ በኋላ ፈሳሽና ጋዝ መለየታቸው ይቀርና ግፊቱ በፍጥነት ያሻቅባል፤ 50 ዲግሪ ሲደርስ ከ100 ባር በላይ ይሆናል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እንዲቀደድ የተሠራ ስስ የብረት ክዳን ቫልቩ ላይ አለ። ሲሊንደሩ እንዳይፈነዳ ያደርጋል፤ ሲቀደድ ግን ጋዙን በሙሉ ባለበት ክፍል ውስጥ ይለቅቀዋል። ይህ ደግሞ ወደ ዋናው ነገር ይወስደናል።

ጋዙ ካፈሰሰ ወዴት ይሄዳል?

ወደ ታች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል። ነፋስ በሌለበት ክፍል ሊጥ በምጣድ ላይ እንደሚዘረጋ ወለሉን ይዞ ይዘረጋል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ እዚያ ይተኛል። ውሎ ሲያድር ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል፤ እስኪቀላቀል ድረስ ግን ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ የሚተኛው ሰውና ወለል ላይ የሚጫወተው ሕፃን ከቆመው ሰው ቀድመው ይተነፍሱታል።

በማውቀው አንድ ግቢ ቢራ የሚጠምቅ ወጣት ሲሊንደሩን የሚተኛበት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ለተከታታይ ቀናት ጠዋት ጠዋት ራሱን እያመመው ይነሳል። ጓደኞቹ የመጠጥ ነው አሉት፤ እርሱም አመነ። ምክንያቱ የተገኘው ሲሊንደሩ ሊሞላ ሄዶ ባዶ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ባለፈው ሳምንት የሞላው ነበር፤ አንድም በርሜል አልቀዳበትም። የሬጉሌተሩ፣ ማለትም የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው መሣሪያ፣ ማሰሪያ በደንብ አልጠበቀም ነበር። የዳነው ጋዙ በዝግታ ስለወጣና የበሩ ሥር ሰፊ ክፍተት ስለነበረው ይመስለኛል። በቅርቡ ሊያደርገው ያሰበው እድሳት ያንን ክፍተት ለብርድ ብሎ መድፈን ነበር፤ ገና አልጀመረውም እንጂ።

እስቲ እናስላው። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዝ ይበልጥ ይሰፋል፤ 1 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ700 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። 5 ኪሎው ከ3,500 ሊትር በላይ ነው ማለት ነው። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች፣ ጣሪያዋ 2 ሜትር ተኩል የሆነች ሰርቪስ ቤት የምትይዘው 22,500 ሊትር አየር ነው። ሲሊንደሩ በሙሉ እዚያ ቢለቀቅ የክፍሉ አየር ከመቶ 15 እጅ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ውጭ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ከመቶ 0.04 ነው። በሥራ ቦታ ለስምንት ሰዓት የሚፈቀደው ከመቶ 0.5 ነው። ከመቶ 4 ሲደርስ ወዲያው ለሕይወት አስጊ ተብሎ ይመደባል፤ ከመቶ 10 ሲሆን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል። ከመቶ 15 ከዚያም በላይ ነው፤ ያውም የተኛ ሰው ያለበት ክፍል።

ጋዙ እንደ ውሃ ቁልቁል እንደሚፈስ ዓለም ያየው ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ማታ በካሜሩን ነው። ከናዮስ ሐይቅ ሥር የተከማቸ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድንገት ገንፍሎ ሸለቆውን ተከትሎ ወረደ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙ መንደሮች ድረስ ደረሰ። 1,700 የሚሆኑ ሰዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች ሞቱ። ብዙዎቹ በየቤታቸው እንደተኙ ነበር። አንድ ሲሊንደር ሐይቅ አይደለም፤ አንዲት ክፍልም ሸለቆ አይደለችም፤ ጠባዩ ግን አንድ ነው።

ሻማ አብርቶ መፈተሽ አይበቃም?

አይበቃም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው በጉድጓድ ቆፋሪዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ስለሆነና ብዙ ሰው ስለሚያምነው ነው። ሻማ የሚጠፋው በዋናነት ኦክስጅን ሲጎድለው፣ ከመቶ 16 አካባቢ ሲወርድ ነው። በክፍሉ ከመቶ 10 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢገባ ኦክስጅኑ ገና ከመቶ 19 ገደማ ነው። ሻማው መብራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ሰውየው ግን ይወድቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጎዳው የኦክስጅንን ቦታ በመያዝ ብቻ አይደለምና፤ ሲበዛ ራሱ ደምን ያኮመጥጣል፣ አእምሮን ያደነዝዛል። ሻማ ደም የለውም።

ከሻማ ይልቅ ሰውነትን መስማት ይሻላል። ያለ ሩጫ ትንፋሽ ሲፈጥን፣ ራስ ሲወጋ፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ አፍ ውስጥ ኮምጣጣ ነገር ሲሰማ ወዲያው መውጣት ያስፈልጋል፤ ምን እንደሆነ መመርመር ከወጡ በኋላ ነው።

ታዲያ የት ይቀመጥ?

ከቤት ውጭ። ረጅሙን ማብራሪያ ማንበብ የማይችል ሰው ይህችን ብቻ ቢይዝ ደስ ይለኛል፦ ሲሊንደር ሰው ከሚተኛበት ክፍል ጋር አንድ ጣሪያ አይጋራ። ግቢው ውስጥ ከግድግዳ ጋር፣ ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው ቆርቆሮ ሥር፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ቀበቶ ይታሰር። ጋዙ በግድግዳው ቀዳዳ በሚገባ ቱቦ የመጠጡ በርሜል ወዳለበት ማቀዝቀዣ ይደርሳል። ቱቦው ረዝሞ ዋጋ ቢጨምርም ያዋጣል።

ግቢ የሌለው ተከራይ ምን ያድርግ? በረንዳ ይሻለዋል። እርሱም ከሌለ ቀድቶ ሲጨርስ ዋናውን ቫልቭ በየጊዜው መዝጋት፣ ሌሊት ሲሊንደሩን ማውጣት፣ ክፍሉ ከታች አየር የሚወጣበት ክፍተት እንዲኖረው ማድረግ። ከላይ ያለች ትንሽ መስኮት ለጭስ ትጠቅማለች፤ ለዚህ ጋዝ ግን የምትረዳው ጥቂት ነው። ምድር ቤትና ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይሆንም።

ማጋደምም አይገባም። ሲሊንደሩ ከተኛ ወይም ከተዘቀዘቀ ወደ ሬጉሌተሩ የሚገባው ጋዝ ሳይሆን ፈሳሹ ነው። ፈሳሹ ሲለቀቅ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ወደሚደርስ በረዶ ይለወጣል፤ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፣ መቆጣጠሪያውንም ያበላሻል።

ሬጉሌተር ለምን ያስፈልጋል? በጀሪካንስ አይቻልም?

ሬጉሌተር 57 ባሩን ተቀብሎ መጠጡ ወደሚፈልገው፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ባር አካባቢ፣ የሚያወርድ መሣሪያ ነው። ከከፍተኛ መስመር የመጣ ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመር ሳያልፍ ቤት እንደማይገባ ሁሉ፣ ጋዙም ያለ ሬጉሌተር በርሜል ውስጥ አይገባም። ለኦክስጅን ወይም ለቡታጋዝ የተሠራውን በማያያዣ አስገድዶ መጠቀም አይቻልም። ሁልጊዜ የሬጉሌተሩ መቆጣጠሪያ ላልቶ፣ ከዚያ የሲሊንደሩ ቫልቭ በዝግታ ይከፈታል፤ ፊትን ከጌጁ ፊት ለፊት አርቆ። ከተገጠመ በኋላ መገጣጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይቀባል፤ አረፋው ካበጠ ያፈሳል። በሬጉሌተሩና በሲሊንደሩ መካከል የምትገባው ትንሽ ቀለበት ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ እርሷ ናት፤ ሲሊንደር በተለወጠ ቁጥር ትታይ።

ጀሪካን? 1 ባር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጀሪካን ጎን 1,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 1 ባር በዚህ ጎን ላይ 12 ኩንታል ያህል ይጭንበታል። ጀሪካን፣ ጋን፣ የመስታወት ጠርሙስና የውሃ ፕላስቲክ ለዚህ አልተሠሩም። የመስታወቱ ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋል። ለግፊት የተሠራ፣ የሚችለው ግፊት የተጻፈበትና ትርፉን የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያለው የብረት በርሜል ብቻ ነው የሚሆነው።

እዚህ ላይ በከፍታ ለምንኖር ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በውጭ አገር የተዘጋጁት የግፊት ሰንጠረዦች አብዛኞቹ ለባሕር ጠለል የተሠሩ ናቸው። ጌጅ የሚያሳየው በበርሜሉ ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ የውጭው አየር ግፊት በሩብ ባር ያህል ያንሳል። ስለዚህ መጠጡ ያንኑ ያህል ጋዝ እንዲይዝ በሰንጠረዡ ቁጥር ላይ ሩብ ባር መጨመር ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ጀማሪ «ጋዙ አልገባም» እያለ ግፊቱን ያለ ልክ ሲያሳድግ አይቻለሁ። የሚጎድለው ሩብ ባር ብቻ ነው።

ሲሊንደር ሲገዛ ምን ይታይ?

ቀለም አይታመን፤ ሲሊንደር በየእጁ ሲዞር ቀለሙ ይቀየራል። የሚታየው ብረቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ ነው፦ የጋዙ ስም፣ የባዶው ክብደት፣ የተፈተሸበት ግፊትና የመጨረሻው ፍተሻ ጊዜ። በብዙ አገሮች ሲሊንደር በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተሻል። ጽሑፉ ተፍቆ የጠፋ፣ የተሰረጎደ፣ ሥሩ የዛገ ወይም የተበየደ ከሆነ ርካሽ ቢሆንም መተው ነው።

የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር አይሆንም። ውስጡ እስከ ሥሩ የሚወርድ ቧንቧ ስላለው የሚያወጣው ጋዙን ሳይሆን ፈሳሹን ነው። ለብየዳ የሚሞላውም ጋዝ ለምግብ ተብሎ የተጣራ አይደለም፤ የሚጠጣ ነገር ውስጥ ከሚገባ ለምግብ የሚሆነውን መጠየቅ ይገባል።

ሲጓጓዝ ሬጉሌተሩ ይፈታ፣ ቫልቩ ይዘጋ፣ ክዳኑ ይደረግ። በዝግ ሚኒባስ ከሰው ጋር፣ በባጃጅም ሾፌሩ እግር ሥር ተጋድሞ ሲሄድ አያለሁ፤ ልቤ ይሰጋል። በክፍት መኪና ጀርባ ታስሮ ቢሄድ ካፈሰሰም የሚያፈሰው ሜዳ ላይ ነው።

ሲያፏጭ ብንሰማ ወይም ሰው ወድቆ ብናገኝስ?

ቫልቩ ቅርብ ከሆነና በሩ ክፍት ከሆነ ትንፋሽ ሳይስቡ ዘግቶ መውጣት ይቻል ይሆናል። ክፍሉ ዝግ ሆኖ የቆየ ከሆነ ግን አይገባም፤ በርና መስኮት ከውጭ ይከፈታል፣ ልጆች ከግቢው ዝቅተኛ ክፍል ይርቃሉ፣ ይጠበቃል።

ከባዱ ሰው ውስጥ ወድቆ ሲታይ ነው። በጉድጓድ አደጋ ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ወንድም፣ ከእርሱም ኋላ ጎረቤቱ እዚያው መቅረታቸውን ነው። ወገን ወድቆ ቆሞ ማየት ለማንም አይቻልም፤ ሮጦ የገባ ሰው ግን ሁለተኛው ሟች የሚሆነው የሚያድነው አየር ስለሌለው ነው። በሩ በሰፊው ይከፈት፤ በሌላ በኩል መስኮት ካለ ይሰበር፤ አየር እንዲያልፍ። ከደጅ ሆኖ በእግሩ ወይም በልብሱ መሳብ የሚቻል ከሆነ ይሳብ። ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል፤ ሲደወልም «ጋዝ ያለበት ዝግ ክፍል ነው» ተብሎ ይነገር፤ የሚመጡት ሰዎች መተንፈሻቸውን ይዘው እንዲገቡ። የወጣው ሰው ንጹሕ አየር ላይ ይተኛ፤ የማይተነፍስ ከሆነ አምቡላንሱ እስኪደርስ በአፍ ትንፋሽ ይሰጠው፤ ልቡ ካቆመም ደረቱ ይጫን። ራሱን አውቆ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ሳያየው ወደ ክፍሉ አይመለስ።